ከአዲስ አበባ ደሴ በሳይክል ለቤት መጠገኛ፤ አብደናል ወይስ ያስኬዳል?

የጦሳ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ የአገር ልጆች።

አምስት ነን። ሦስታችን ደሴ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። እሁድ እሁድ አብረን ሳይክል እንነዳለን። ስፖርተኛ እንዳንመስላችሁ። አንዳችን ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ፒያሳ ሳይደርስ "ሻይ እንጠጣ" ይላል።

ሰሞኑን አንድ ነገር አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች አገሩን ከጫፍ ጫፍ በሳይክል እያቋረጡ አቅም ለሌለው ሰው ቤት መሥሪያ ብር ያሰባስባሉ። ባይክ ኤንድ ቢልድ የሚባለው የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው በነሱ አቆጣጠር 2003 ላይ ነው። ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነስተው ፓስፊክ ድረስ፣ አሥር ሳምንት ገደማ። ነጂው ከመነሳቱ በፊት ከዘመድ ከወዳጅ ብር ማሰባሰብ አለበት። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳይክሉን አቁሞ ቤት ሲሠራ ይውላል። የሚያድሩት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይ የትምህርት ቤት ወለል ላይ ነው።

እኛስ ምን ይጎድለናል አልን። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ቤታችን። አምስት ቀን ሰጥተነዋል።

ብሩ ለጎረቤታችን ለአንዲት እናት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ከትንሽ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ክረምት ሲመጣ ቤታቸው ውስጥ ሦስት ባልዲና አንድ ድስት ይደረደራል። የድስቱን ቦታ ልጅየዋ በደንብ ታውቀዋለች። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ እዚያው ነበርኩ። በጨለማ ሄዳ አስቀመጠችው፣ ጠብታው መሃል ላይ አረፈ።

የቤቱን ፎቶ ለጥፌያለሁ። ምን ትላላችሁ? ስድብም ይቻላል። ግን ምክር ጨምሩበት።

ቦርከና ዳር · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡24

ሳይክሎቹን ሽጡና ቆርቆሮ ግዙ። ተፈታ።

የጦሳ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

የኔን ሳይክል ያየ ሰው ብር ጨምሮ ነው የሚመልስልኝ ወንድሜ።

ካላማዳሪ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

አንደኛ፣ አብዳችኋል። ሁለተኛ፣ ደስ ብሎኛል።

ኮምቦልቻ ሳይክል ስጠግን ነው ያደግሁት። ስለዚህ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ጎማው ላውራ። ሁሉም ሰው የሚፈራው ሽቅቡን ነው። ሽቅብ ማንንም አልገደለም። ሲያቅትህ ወርደህ ትገፋለህ፣ አለቀ። የሚገድለው ቁልቁለት ነው። ጣርማ በር ዋሻው ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። ሸዋ ሮቢት 1300 ገደማ። ይህን ሁሉ በአንድ ጧት ስትወርዱ ፍሬን ይዛችሁ ነው የምትወርዱት። ፍሬኑ ቸርኬውን ያግለዋል። የጋለ ቸርኬ ካላማዳሪውን ያፈነዳዋል። ከኋላ ደግሞ ተሳቢ እየመጣ ነው።

ስለዚህ፦ ፍሬን ላስቲኩ አዲስ ይሁን። የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቃችሁ ያዙ፣ አንዱን ብቻ ጨብጣችሁ አትውረዱ። በየተወሰነው ቁሙና ቸርኬውን በጣት ንኩት። ጣት ካቃጠለ ተቀመጡ። መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያ ይኑራችሁ። ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ ግን ጎማ የሚፈነዳው ሁልጊዜ በሁለት ከተማ መሃል ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሌላው ድንጋይ ነው። አትሳቁ። ከካይሮ ኬፕታውን በሳይክል የሚያቋርጡ ፈረንጆች ስለ ኢትዮጵያ ሲያወሩ ተራራውንና ልጆች የሚወረውሩትን ድንጋይ ሳያነሱ አያልፉም። መድኃኒቱ ቀድሞ ሰላም ማለት ነው። እጃችሁን አውጡና ከሩቅ ሰላም በሉ። ልጁ እጁን ለሰላምታ ካነሳ ድንጋዩን የሚይዝበት አያገኝም።

ሙጋድ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሳይክል እኮ ለኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን 1956፣ ሳይክል ነጂዎችም ይዛ ነበር። ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ። ፀጋቡ ግርማይ ደግሞ 2016 ቱር ደ ፍራንስ ነድቷል፤ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው እሱ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ቦርከና ዳር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡44

እና ጣሪያው?

ሰኞ ገበያ · ረቡዕ፣ ጧት 1፡15

ልጆች፣ የማትወዱትን ልናገር። መንገዱን ጠይቃችኋል? ዛሬ መኪና እንኳ የሚነሳው ደውሎ ጠይቆ ነው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ በር ይዘጋል። እናንተ ሜዳ ላይ ናችሁ፣ በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር። ለአንድ ጣሪያ ብላችሁ አምስት እናት አታስለቅሱ። ቅርብ ንዱ። ሩቁ የትም አይሄድም።

ከባሕር ማዶ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡20

እኔ ደሴ ሆጤ ሰፈር ነው ያደግሁት፤ አሁን አሜሪካ ነኝ። እነዚያን ሳይክል ነጂዎች አይቻቸዋለሁ። አንድ በጋ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱ ውስጥ አሳድሯቸው ነበር። ሠላሳ ገደማ ወጣት። እኛ እራት አበሰልን። ምስር ወጥ ሠርቼ ነበር፤ አንድ ልጅ አራት ጊዜ ተመልሶ አወጣ፣ አላጋንንም።

በጣም የገረመኝ ጠመኔው ነው። ቀድሞ የሚሄደው መታጠፊያ ላይ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ቀስት ይስላል። ኋላ የሚቀረው ቀስቱን እያየ ይታጠፋል። ስልክ ይዘው እኮ ነው! ጧት ሲወጡ ክብ ሠርተው ቆሙ፤ አንዷ ዛሬ የምንነዳው ለእነ እገሌ ነው አለች፣ ሄዱ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ማታ አንዷን ስንት ቤት ሠራችሁ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። "እኔ የሠራሁት አንድ ግድግዳ ቀለም ነው" አለች። "ቤቱን የሚሠራው ከመነሳቴ በፊት የለመንኩት ብር ነው።" እና ሳይክሉ ምን ይሠራል አልኳት። "አክስቴ ዝም ብዬ ብጠይቃት አትሰጠኝም፤ በሳይክል አገር ላቋርጥ ነው ስላት ፈርታ ሰጠችኝ" አለችኝ።

ስለዚህ የጦሳ ልጅ፣ አክስቶችህን አስፈራራ። የኪሎ ሜትሩ ብዛት ግን ግድ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ አብረው የሚሠሩት አቅም ለሌለው ሰው ቤት ከሚሠራው ሃቢታት ከሚባል ድርጅት ጋር ነው። ሃቢታት 1976 ላይ ጆርጂያ ውስጥ ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያም ከ1993 ጀምሮ አለ፣ በፈረንጅ። እዚያ ቤቱን የሚያገኘው ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ራሱም በሥራው ላይ ጉልበቱን ያዋጣል፣ ሰዓቱ ይቆጠርለታል። ይህን ስሰማ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። "ደቦ ነዋ" አለችና ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራቷን ቀጠለች።

ተከራይ ነኝ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ሁሉም ስለ ጎማ ያወራል። ቤቱ የማን ነው?

በምክንያት ነው የምጠይቀው። ከሦስት ዓመት በፊት የተከራየሁትን ቤት ጣሪያ በራሴ ወጪ አስጠገንኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ አከራዬ መጥቶ ቀና ብሎ አየና "አሁን እኮ ቤት ሆኗል" አለኝ። ኪራይ ጨመረ። በገዛ ቆርቆሮዬ! ወጣሁ። እንዲህ ካለው ሰው እጅ ከሆነ የሴትዮዋ ቤት፣ ሳይክል የምትነዱት ለአከራዩ ነው።

አሁን አዋጅ አለ አትበሉኝ፤ አውቃለሁ። 1320/2016። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥ ይላል። ጥሩ ነው። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ወረቀት አልነበረኝም፤ ቃል ብቻ ነው የነበረኝ። ስለዚህ ከምንም በፊት ወረቀቱን እዩ።

የጦሳ ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡52

እውነት ለመናገር አልጠየቅኋቸውም ነበር። አሁን ሄጄ ጠየቅሁ። የቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ከሻይ ዋጋ አይሻልም፤ እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

ሸርፍ ተራ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

የቀበሌ ቤት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ። በ1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ርካሾቹ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ያኔ ዝቅ ተደረገ፣ እዚያው ቀረ። ለድሃው ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬም ደሴ ውስጥ ስንት ጡረተኛ መሃል ከተማ የሚኖረው በዚያ ምክንያት ነው። ግን በዚያ ኪራይ ማን ይጠግነዋል? ቀበሌው ብር የለውም። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ እጁ አይፈታም። ስለዚህ ቤቱ ቆሞ ያረጃል።

ያለ ፈቃድ እንዳትነኩት። እኔ የእናቴን ቤት ስጠግን መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ባለሙያ መጥቶ አየ፣ ከዚያ ወረቀት። ስፋቱ አይጨምርም፣ ጭቃው ብሎኬት አይሆንም፣ ባለበት ይታደሳል ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጧት ሂዱ፣ ከሰዓት ሰው አይገኝም።

ማህበረተኛው · ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

የቀበሌ ቤት ያለው ሰው እንኳ እድለኛ ነው። እኔ በቤት ማህበር ተደራጅቼ ብር በዝግ ሒሳብ ካስቀመጥኩ ልጄ ተወልዶ ትምህርት ቤት ገብቷል። ቦታው ግን "በሂደት ላይ ነው"። ያስቀመጥኩት ብር ያኔ ቤት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ መሠረቱን አያወጣም። የማንን ስም ልጥራ? ተውት። ሳይክሉን ንዱ፣ እኔም አዋጣለሁ።

ግንበኛው · ሐሙስ፣ ጧት 12፡50

ልጄ የለጠፍከውን ፎቶ አየሁ። አጉልቼም አየሁ። ጣሪያው አይደለም ችግርህ።

ፎቶው ላይ ግድግዳው ከመሬት በአንድ ክንድ ከፍታ ላይ ጠቆር ያለ መስመር አለ። አየኸው? ያ ውሃ የወጣበት ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ ይነጥርና ግድግዳውን ይመታል። ከላይ ከተዳፋቱ የሚመጣው ደግሞ ከጓሮ ይገባል። ጭቃው ከሥር ይበላል፣ ከዚያ የቋሚው እግር ይበሰብሳል። ቋሚው ሲሰጥም ጣሪያው ይዛነፋል፣ ቆርቆሮው ይላቀቃል፣ ሚስማሩ ይሰፋል። ታዲያ እናንተ የምታዩት ድስቱን ነው።

አዲስ ቆርቆሮ በበሰበሰ ቋሚ ላይ ብትመቱ ሁለት ክረምት አይሻገርም። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይህን ሳላይ የቀረሁበት ዓመት የለም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቆፍሩ። ይህ ብር አይፈልግም፣ ዶማና ጉልበት ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ ነው ያለችው፣ መሬቷም ይንሸራተታል፤ ውሃውን ከላይ ያላስቀየሰ ሰው ቤት አለኝ አይበል። ሁለተኛ፣ የበሰበሱት ቋሚዎች ይለወጡ። እያንዳንዱ ሥሩ ይጫር፤ ቢላ ከገባበት በስብሷል። ሦስተኛ፣ የግድግዳው ሥር ዙሪያውን ድንጋይ ይደርደርበት። ከዚያ ምርጊት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ይቡካ፣ ሳምንት ይደር፣ በየቀኑ ይገላበጥ። ቶሎ የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው መጨረሻ ነው። ሚስማሩ ጉብ ካለው ላይ እንጂ ውሃ ከሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ እንዳይመታ። ይህን የሚሳሳቱ ሰዎች ጣሪያ የሠሩ ይመስላቸዋል፣ ወንፊት ነው የሠሩት።

ሚስማሩን እኔ እመታለሁ። ብር አልፈልግም። ምሳ ግን እፈልጋለሁ።

ካላማዳሪ · ሐሙስ፣ ጧት 1፡20

ጋሼ፣ እርስዎ ፎቶ አይተው ይህን ካወቁ የኔን ሳይክል ፎቶ ልላክልዎ?

የሀረጎዋ · ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡00

እኔ ብዙ አልጽፍም፣ አነባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ብሩ በማን እጅ ይገባል? አምስት ጎረምሳ ቴሌ ብር ላይ ቢሰበስብ ነገ ወሬው ሌላ ነው። እናንተ ንጹሕ ብትሆኑም።

እኛ ወሎ እኮ ቅሬ አለን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ይተከላል፣ ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ማን እንጨት ማን ውሃ እንደሚያመጣ ጠያቂ የለም። ገንዘብ ያዥ አለው፣ ደብተር አለው። የሴትየዋን ጣሪያ ለቅሬው ያቀረበ ሰው አለ? እኔ ባልሳሳት ማንም አልጠየቀ። ጠይቁ። ብሩ በቅሬው ደብተር ይግባ፣ ጉልበቱ ከደቦ ይምጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል፣ ምሳውን እኛ እናበስላለን። ግንበኛው ጋሼ፣ ምሳዎ ተይዟል።

ቦርከና ዳር · ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡12

ታዲያ ሳይክሉ ለምን አስፈለገ? ጥያቄዬን እኮ ማንም አልመለሰም።

ከባሕር ማዶ · ሐሙስ፣ ማታ 4፡30

እኔ መልሼልሃለሁ፣ አክስት ለማስፈራራት። ይኸው እኔ ሐሙሱን ሙሉ ስለ አንድ ድስት እያሰብኩ ነው የዋልኩት፤ የጦሳ ልጅ ሳይክል ባይል ይህን ውይይት እከፍተው ነበር? አንተስ?

የጦሳ ልጅ · ዓርብ፣ ማታ 2፡00

ተሰብስበን ወሰንን። አዲስ አበባው ቀርቷል። መንገዱ ሰላም ሲሆን እናየዋለን። በሚቀጥለው እሁድ ከኮምቦልቻ ደሴ እንወጣለን። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። የሚያዋጣ ሰው ለቅሬው ገንዘብ ያዥ ይስጥ፤ እኛ ብር አንነካም። ሸርፍ ተራ፣ ማመልከቻውን አስገብተናል። ጧት ሄድን፣ ሰው ነበር።

የጦሳ ልጅ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ማታ 1፡10

ባለፈው እሁድ ወጣን! ማለትም ሦስታችን ወጣን። አንዱ ካቴናው ተበጥሶ በባጃጅ መጣ። ሻይ ወዳዱ ደግሞ ሀረጎ ጋ ሳይክሉን ይዞ ተቀመጠና "እናንተ ሂዱ፣ እኔ መልእክት እጠብቃለሁ" አለ። የምን መልእክት እንደሆነ እስካሁን አልነገረንም።

ከኮምቦልቻ የተነሳነው ከጧቱ 12 ሰዓት ነበር። ቦርከና ላይ ገና ጭጋግ አለ። መጀመሪያ ሁላችንም እናወራለን። መታጠፊያዎቹ ሲጀምሩ ወሬው አለቀ። ከዚያ የሚሰማው የካቴናው ድምፅና የአንዳችን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አልናገርም። የጭነት መኪናዎቹ ጥሩንባ እየነፉ ያልፋሉ። አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ "አይዞን!" ብሎ ጮኸ፤ እንዴት እንደሚያበረታ አትጠይቁኝ።

ጀርባችን ላይ "ለጣሪያ" የሚል ወረቀት ለጥፈን ነበር። መንገድ ዳር የተቀመጡ አንድ አባት አስቆሙን። "ልጆች፣ ቆርቆሮ ትሸጣላችሁ?" አሉ። ነገሩን አስረዳናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ የት ሰፈር ነው አሉ፣ የማን ልጅ ናት አሉ፣ ባሏ እነ እገሌ አይደሉም ወይ አሉ። የሚያውቋቸው ሆነው ተገኙ! ከኪሳቸው ብር አወጡ፣ ቆጠሩ፣ ግማሹን መለሱ፣ እንደገና አሰቡና የመለሱትንም ጨምረው ሰጡን። ዱአ አደረጉልን። ብር አንነካም ያልነውን እዚያ ላይ ሰበርን፣ ማታውኑ ለገንዘብ ያዡ አስረክበናል።

ፈቃዱ ወጥቷል፣ ባለበት ይታደስ ተብሏል። ብሩ ለቋሚው፣ ለሚስማሩና ለአሥራ ስምንት ቆርቆሮ በቅቷል። ቦዩን ባለፈው ቅዳሜ ቆፍረናል። ድንጋዩ ተጭኖ መጥቷል። ጭቃውን ከትናንት ወዲያ መርገጥ ጀመርን። ልጅየዋ ከሁላችን በላይ ትረግጣለች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች፤ ቁጭ በይ ብትባል አትሰማም። እናትየዋም ጭድ እየበተኑ ነው። ሰዓት ቆጣሪ ግን የለንም፣ ከባሕር ማዶ።

ቋሚዎቹ ነገ ይለወጣሉ፣ ቅዳሜ ደቦ ነው። ግንበኛው ጋሼ ጧት 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ዕቃ እንዲኖር ብለዋል። ሁሉም አለ፣ መሰላል ብቻ ጎደለን። መሰላል ያለው ሰው አለ?

ግንበኛው · እሁድ፣ ማታ 1፡25

ጠንካራ ይሁን። እኔ ቀላል ሰው አይደለሁም።

ቦርከና ዳር · እሁድ፣ ማታ 1፡40

እኔ ጋ አለ። ኮምቦልቻ ነው ያለው። አንዱ መርገጫ ይነቃነቃል፣ በሽቦ አስሬዋለሁ። ዓርብ ማታ በአይሱዙ እልከዋለሁ።

በሳይክል ለመውሰድ እንዳትመጡ ብቻ።